ዓሳዎቹ አልሞቱም፣ ጫጩት ግን የለም፦ ከላይ የተደፋው የድንጋይ ከሰል አመድ ይሆን?

የአዘዞ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል፤ የሚያውቅ ሰው በትክክል እንዲመልስልኝ ስለምፈልግ ግን ሁሉንም ልጻፈው።

አባቴ ከአዘዞ ወደ ደንቢያ በሚወርደው በኩል ትንሽ መሬት አለው። እዚያ ላይ ሁለት የዓሳ ኩሬ ቆፍረን ቀረሶ አስገብተናል። የላይኛው ኩሬ የሚሞላው በምንጭ ውሃ ብቻ ነው። የታችኛው ምንጩም ይደርሰዋል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ከሸለቆው የሚወርደው ጎርፍ ይገባበታል። መጀመሪያ ሁለቱም ጥሩ ነበሩ። ቀረሶ ከተመቸው ዝም ብሎ ይፈለፈላል፤ እንዲያውም ጫጩቱ በዝቶብን ለጎረቤት ሰጥተን እናውቃለን።

ከዚያ ከእኛ ከፍ ብሎ ያለ አንድ ድርጅት በናፍጣ ይሠራ የነበረውን ቦይለር (እንፋሎት ማፍያ) ወደ ድንጋይ ከሰል ቀየረ። ስሙን እዚህ አልጠራም። አመዱን በገልባጭ መኪና እያመጡ ሸለቆው አፋፍ ላይ ይደፉታል። ዝናብ ሲጥል ግራጫ ውሃ ተንዶ ይወርዳል፣ መጨረሻውም የታችኛው ኩሬያችን ነው።

አሁን በታችኛው ኩሬ ያሉት ትልልቅ ዓሳዎች ደህና ናቸው። ወፍረዋል፣ መኖ ሲበተን ይሻማሉ፣ ሞቶ የተንሳፈፈ አንድም አላየንም። ጫጩት ግን የውሃ ሽታ ሆኗል። በመረብ ስንጎትት ከወጡት ጥቂት ትንንሾች ውስጥ ወገባቸው የጎበጠ አሉ። አንዱ ደግሞ የታችኛው መንጋጋው አጥሮ አፉ አይገጥምም። የላይኛው ኩሬ ግን እንደ ድሮው ነው።

ድርጅቱ ጋ ሄደን ስንጠይቅ «አመድ ነው እኮ፣ አመድ ምን ያደርጋል? ዓሳችሁ ሞቷል እንዴ?» አሉን። አባቴ መልስ አጣ። እውነትም አልሞተም። እናቴም የምድጃ አመድ ከድሮ ጀምሮ ጓሮ ላይ ትበትናለች፣ ጎመኑ ምንም ሆኖ አያውቅም።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይሄ ነው። ዓሳውን ሳይገድል ዘሩን ብቻ የሚያጠፋ ነገር በድንጋይ ከሰል አመድ ውስጥ አለ ወይ? ካለስ ዓሳውን መሸጥ እንችላለን? ጾም እየመጣ ነው፣ ገዢ አለን፤ ሰው የሚጎዳ ነገር ግን አንሸጥም።

ዓሳና ውሃ

ወንድሜ፣ አለ። ሴሌኒየም የሚባል ንጥረ ነገር ነው። የጻፍከውን ሳነብ ደንግጫለሁ፣ ምክንያቱም አንድ በአንድ የምትገልጸው ነገር በዚህ ሙያ ያለን ሰዎች ስንማረው የኖርነውን ታሪክ ነው።

ታሪኩ የአሜሪካ ነው፤ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ቤሎስ የሚባል ሐይቅ አለ። በድንጋይ ከሰል ለሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ማቀዝቀዣ እንዲሆን በሰው የተሠራ ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ አመድ ከሚጠራቀምበት ገንዳ የሚተርፈው ውሃ ወደ ሐይቁ ይለቀቅ ነበር። የሐይቁ ውሃ ሲለካ የሴሌኒየም መጠኑ በሊትር 10 ማይክሮግራም (ማይክሮግራም የሚሊግራም አንድ ሺኛ ነው) ገደማ ነበር። ይህን ቁጥር ልብ በል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የሴሌኒየም ጣሪያ በሊትር 40 ማይክሮግራም ነው። በሴሌኒየም በኩል ብቻ ካየነው ሰው ሊጠጣው የሚችል ውሃ ነበር ማለት ነው። ያም ሆኖ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሐይቁ ከነበሩት 20 የዓሳ ዝርያዎች 16ቱ ጭራሽ ጠፉ። ከቀሩትም አንዳንዶቹ መራባት አቅቷቸው ያረጁ ዓሳዎች ብቻ ሆነው ቀሩ። ምንም ሳይሆን የቀጠለው አንድ ትንሽ ዝርያ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ እንደ አንተ ኩሬ ሁሉ ሞቶ የሚንሳፈፍ ዓሳ ስላልታየ ነገሩን ቶሎ የነቃበት አልነበረም።

እንዴት እንደሚሆን ልንገርህ። ሴሌኒየም ዓሳውን የሚያገኘው በዋናነት በሚበላው ነገር ነው፣ በስንጥቡ (በሚተነፍስበት አካሉ) ከሚገባው ውሃ አይደለም። መጀመሪያ ውሃው ላይ ያለው አረንጓዴ አልጌ ይስበዋል። አልጌው ውስጥ ሲደርስ ውሃው ውስጥ ከነበረው በመቶዎች እጥፍ ይሆናል። አልጌውን ትሉ ይበላዋል፣ ሁለቱንም ዓሳው ይበላቸዋል፤ ወደ ዓሳው ሆድ ዕቃ ሲደርስ በሺዎች እጥፍ ሊሆን ይችላል። ቀረሶ ደግሞ አልጌ በል ነው፣ መንገዱ አጭር ነው።

ሴት ዓሳዋ እንቁላሏን ስትሠራ ለአስኳሉ የሚሆነውን ፕሮቲን ከጉበቷ ታዘጋጃለች። ሴሌኒየሙ በዚያ ፕሮቲን ውስጥ የድኝን ቦታ ተክቶ ይገባና ከአስኳሉ ጋር ወደ እንቁላሉ ያልፋል። እሷ ደህና ናት፣ ትበላለች፣ ትወፍራለች። እንቁላሉም ደህና መስሎ ይፈለፈላል። ችግሩ የሚጀምረው ጫጩቱ አስኳሉን መምጠጥ ሲጀምር ነው። እናቱ ያጠራቀመችው ሁሉ ሰውነቱ ገና እየተሠራ ባለበት በእነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ ይገባበታል። ወገቡ ይጎብጣል፣ መንጋጋው ያጥራል፣ የስንጥቡ ክዳን ይጎድላል፣ ሆዱ ውሃ ይቋጥራል፣ ዓይኑ ይፈጣል። አብዛኛው መዋኘት ሳይችል ያልቃል ወይም ሌላ ዓሳ ይለቅመዋል። ስለዚህ አንተ መረብ ላይ ያየሃቸው ጎባጦች ከብዙዎቹ የተረፉት ናቸው።

«ዓሳችሁ ሞቷል እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ለዚህ ነው ውሃ የማያነሳው። በሴሌኒየም የተበከለ ኩሬ ውስጥ ትልልቁ ዓሳ መጨረሻ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ያውም አርጅቶ።

የእናትህን አመድ በተመለከተ፣ እሱ ሌላ ነው። የምድጃው አመድ ከእንጨት የመጣ ነው፤ በብዛት ያለው ካልሲየምና ፖታሲየም ነው፣ ለጓሮም ይጠቅማል። የድንጋይ ከሰል ግን ከመሬት ሆድ የሚወጣ፣ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ከዙሪያው አፈርና ውሃ ብዙ ነገር የሰበሰበ ዓለት ነው። ሲቃጠል ካርቦኑ ይሄዳል፤ ሴሌኒየሙ፣ አርሴኒኩ፣ ካድሚየሙ፣ እርሳሱ፣ ቦሮኑ በትንሽ አመድ ውስጥ ተጠናክሮ ይቀራል።

እንፋሎት

እኔ በሙያዬ የቦይለር ሠራተኛ ነኝ፣ ዓሳ ላይ ብዙም አላውቅም። አመዱን ግን አውቀዋለሁና አንድ ነገር ልጨምር።

አመድ ሁሉ አንድ አይደለም። ከምድጃው ሥር የሚጠረገው ሻካራ ነው፣ ቀልጦ የተጣበቀ ጥቁር ጓል ይበዛበታል፣ በእጅህ ስትይዘው ጠጠር ነው። ከጭስ ማውጫው በኩል በማጣሪያ የሚያዘው ደግሞ ሌላ ነው፤ ዱቄት ነው፣ ሲነኩት ይለሰልሳል፣ ነፋስ ካገኘው አገር ያዳርሳል። ሴሌኒየምና አርሴኒክ እሳቱ ውስጥ ተነው ከጭሱ ጋር ይወጡና ጭሱ ሲቀዘቅዝ በዚህ በደቃቁ ዱቄት ገላ ላይ ነው የሚለጠፉት። ላይ ላዩን ስለሆኑም ውሃ ሲነካው በቀላሉ ይታጠባሉ። ስለዚህ ሸለቆው ላይ የሚደፉት የትኛውን እንደሆነ ሄደህ እይ። ዱቄቱን ከሆነ ነገሩ ይከፋል። ሁለቱን ቀላቅለው የሚደፉም አሉ።

ደግሞም አንድ ነገር ልበል። ድንጋይ ከሰል በአገራችን እየበዛ ነው፣ በተለይ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች። ሲሚንቶ ላይ ግን አመዱ ከክሊንከሩ (ተፈጭቶ ሲሚንቶ ከሚሆነው ጓል) ጋር ተዋህዶ ሲሚንቶ ሆኖ ይወጣል፣ የሚደፋ ነገር ብዙም የለም። እንፋሎት ለማፍላት ብቻ የሚያነዱት ዘንድ ነው አመዱ መድረሻ አጥቶ የትም የሚጣለው። ይህ እንዳይሆን ማድረግ የሚከብድ ነገር አይደለም! ደቃቁ አመድ በሌላው ዓለም ለኮንክሪትና ለብሎኬት ማሠሪያ ይገዛል። ያ ባይሆን እንኳ በደረቁ፣ ጣሪያ ሥር፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ ማከማቸት ይቻላል። ሸለቆ አፋፍ ላይ መድፋት ግን ለክረምቱ ጎርፍ እንደ ማስረከብ ነው።

ኩሬ ተንከባካቢ

ቸኩለን አመዱ ነው ከማለታችን በፊት ሌላውንም እንይ። እኔ ቀረሶ አረባለሁ። ጫጩት የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ ነው።

አንደኛ፣ ብርድ። ደንቢያ ቆላ አይደለም። ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቀረሶ እንቁላል መጣል ያቆማል። ሁለተኛ፣ አምባዛ ገብቶ ከሆነ ጫጩቱን ጠራርጎ ይበላዋል፤ ጎርፍ ደግሞ አምባዛ ይዞ ይመጣል። ሦስተኛ፣ የገዛኸው ጫጩት ወንድ ብቻ እንዲሆን የተደረገ ሊሆን ይችላል፣ እንደዚያ የሚሸጡ አሉ። የወገብ መጉበጥም ቢሆን መኖ ላይ ቫይታሚን ሲ ሲያንስ ይመጣል፣ አንድ ቤተሰብ እርስ በርሱ ሲዳቀልም ይመጣል።

እነዚህን ሳታጣራ ብትከስ ድርጅቱ የሚያቀርብልህ መከራከሪያ ይኸው ነው፣ ስለዚህ ቀድመህ ተዘጋጅበት።

የአዘዞ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለኩሬ ተንከባካቢ ልመልስ።

ሁለቱም ኩሬዎች ላይ ያስገባነው ዓሳ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ቀን የመጣ ነው። መኖውም አንድ ነው፣ ከአንድ ጆንያ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስ ነው፣ ብርዱም አንድ ነው። ሴቶቹም አሉ፣ ከአመዱ በፊት ታችኛው ላይም ይፈለፈሉ ነበር። አምባዛ ያልከው ግን አሳስቦኛል፣ ጎርፉ የሚገባው ታችኛው ላይ ብቻ ስለሆነ። እስካሁን በመረብ ወጥቶልን አያውቅም፣ ግን ጭቃ ውስጥ ይደበቃል ይባላል። አጣራለሁ።

አመዱን ዛሬ ሄጄ አየሁት። ሁለት ዓይነት ነው። ከታች ጥቁር ጓል አለ፣ ከላይ ግን ግራጫ ዱቄት ነው። በጣቴ ስጨብጠው እንደ ጤፍ ዱቄት ነው የላላው። ጎርፉ የሄደበት ቦይ ላይ ደርቆ ነጭ ንጣፍ ሠርቷል።

ዓሳና ውሃ

ኩሬ ተንከባካቢ ያነሳው ትክክል ነው፣ መጣራት አለበት። ግን ወንድሜ፣ ሳታስበው ጥሩ ማነጻጸሪያ በእጅህ ገብቷል። አንድ ዓሳ፣ አንድ መኖ፣ አንድ አየር፣ የሚለየው የገባበት ውሃ። ተመራማሪ ቢያቅደው ከዚህ ብዙም የተሻለ አያቅድም። የላይኛውን ኩሬ እባክህ አትንካው፣ ከታችኛው ዓሳ ወደ እሱ አታዛውር።

አሁን ማድረግ ያለብህን ልንገርህ። ውሃውን ብቻ አስለክተህ አትመለስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በበጋ አንድ ጠርሙስ ውሃ ይወስዳል፣ ውጤቱ ዝቅተኛ ሆኖ ይመጣል፣ «ንጹሕ ነው» ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል። ሴሌኒየሙ ግን ጭቃው ውስጥና እንቁላሉ ውስጥ ነው ያለው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ደረጃውን ሲከልስ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲታይ ያዘዘው የእንቁላሉን መጠን ነው፤ በኪሎ ደረቅ ክብደት ከ15.1 ሚሊግራም እንዳያልፍ። ውሃን በተመለከተ ደግሞ ለቆመ ውሃ በሊትር 1.5 ማይክሮግራም፣ ለሚፈስ ወንዝ 3.1 ብሎ ለይቷቸዋል። ለቆመ ውሃ የጠበቀበት ምክንያት ወንዝ ይዞት ይሄዳል፣ ኩሬና ሐይቅ ግን ያስቀምጠዋል። የአንተው ኩሬ ነው።

እንቁላል የያዘች ሴት ከታችኛውም ከላይኛውም ያዝ። የእንቁላል ከረጢቷን አውጥተህ ለየብቻ በንጹሕ ፕላስቲክ ከረጢት አስረህ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጥ። ከኩሬው ወለል ላይ የላይኛውን ስስ ጭቃ፣ ከአመዱም ከዱቄቱና ከጓሉ ለየብቻ ውሰድ። ሁሉም ላይ ቀኑንና ቦታውን ጻፍ። ላቦራቶሪውን ስትጠይቅ «ሴሌኒየም በማይክሮግራም ደረጃ ትለካላችሁ ወይ?» በል፤ ሌሎች ብረቶችን የሚለካ መሣሪያ ሁሉ ይህን አይለካም። ከቻልክ አርሴኒክ፣ ካድሚየምና ቦሮንም ይጨመሩ። ቦሮን ዓሳውን እምብዛም አይነካም፣ ግን ከአመድ ቶሎ ታጥቦ ስለሚወጣ ውሃው በአመዱ ላይ ማለፉን ይመሰክርልሃል።

ሌላም ያለ ገንዘብ የሚሠራ ነገር አለ። ቀረሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ነው የምታቅፈው። ጉሮሮዋ ያበጠ፣ መኖ ሲበተን የማትመጣ ሴት ካየህ ያዛትና ነጭ ሳህን ላይ አፏን ቀስ ብለህ ክፈተው። አስኳሉ ገና ሆዳቸው ላይ የተንጠለጠለ ጫጩቶች ታገኛለህ። ትንሽ ውሃ አድርግበትና በስልክህ ካሜራ አቅርበህ ከላይም ከጎንም አንሳቸው። ሁሉም ገና በሕይወት ስላሉ እውነተኛውን ቁጥር የምታገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ጎባጦቹ አልቀው ደህናዎቹ ብቻ ይቀሩና «ይኸው ጤነኛ ነው» ያሰኛል። ከሁለቱም ኩሬ ሥራው፣ ጎን ለጎን አስቀምጠው። እንዲህ ያለ ፎቶ ከብዙ ወረቀት ይበልጣል።

ካድሚየም ያልኩትም በከንቱ አይደለም። እሱ የሚመታው ስንጥብ ላይ ነው፤ ዓሳው ካልሲየም ከውሃው እንዳይወስድ መንገዱን ይዘጋበታል። አርሴኒክም ጉበቱን ይጎዳል። አመዱ በብዛት ሲገባ ደግሞ ደቃቁ ዱቄት ራሱ ስንጥቡን ይደፍነዋል፣ እንቁላል የሚጥልበትንም ወለል ያለብሰዋል። ግን ትልቁ ዓሳ ወፍሮ ጫጩቱ ብቻ ሲጠፋ ጣቴን የምቀስረው ሴሌኒየም ላይ ነው።

ስለ መሸጡ፦ ውጤቱ ሳይመጣ አትሽጥ። ሒሳቡን እንሥራው። ያው ኤጀንሲ ዓሳው ራሱ እንዳይጎዳ ብሎ ለዓሳ ሥጋ ያስቀመጠው ገደብ በኪሎ ደረቅ ክብደት 11.3 ሚሊግራም ነው። የዓሳ ሥጋ አራት አምስተኛው ያህል ውሃ ስለሆነ እርጥቡ ላይ በኪሎ 2.3 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል። 200 ግራም የበላ ሰው 450 ማይክሮግራም አካባቢ ወሰደ ማለት ነው፤ ለአዋቂ ሰው በቀን ከዚህ አይለፍ የሚባለው ደግሞ 400 ነው። አንድ ቀን መብላት አይገድልም። ጾሙን ሙሉ ዓሳ የሚበላ ቤተሰብ፣ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት፣ ልጆች ግን ሌላ ነገር ነው። እንቁላሉንና ጉበቱን ጭራሽ ለማንም አትስጡ፣ ከሥጋው ይልቅ እዚያ ነው የሚከማቸው። አባትህ ሰው የሚጎዳ አንሸጥም ማለታቸው ያኮራል።

የጎርጎራው

እኔ ያደግኩት ጣና ዳር ነው፣ አባቴም አጎቶቼም መረብ ጥለው ነው ያሳደጉኝ። ይህን ሳነብ የታየኝ የአንድ ሰው ኩሬ ብቻ አይደለም።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ስፋት አለው ግን ጥልቅ አይደለም፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። የተፈጥሮ መውጫው አንድ ዓባይ ነው። የገባበት ነገር ቶሎ አይወጣም። ነጭ ዓሳችን ደግሞ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኝ ብዙ ዝርያ ያለው ነው፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ላይ ወደ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ወደ መሳሰሉት ወንዞች እየወጡ ነው ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን የሚጥሉት። እንግዲህ አስቡት፣ አመዱን ጎርፍ የሚያወርደውም በዚያው በክረምት ነው። እንቁላሉና አመዱ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ወንዝ ይገናኛሉ። ከልክ በላይ መጠመዱ አለ፣ እንቦጩ አለ፣ ለመስኖ የሚጠለፈው ውሃ አለ። አሁን ደግሞ ይህ ከተጨመረ ምን ይተርፈናል?

ጭልጋ ላይም የድንጋይ ከሰል አለ፣ እሱ ሲወጣስ? የሚያውቅ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።

ዓሳና ውሃ

የጎርጎራው፣ ስጋትህ ይገባኛል፣ እኔንም እንቅልፍ የሚነሳኝ ነው። መጠኑን ግን እንለይ። አንድ ቦይለር የሚያወጣው አመድ ጣናን አይበክልም። አንድ ኩሬን፣ አንድ ምንጭን፣ የአንድን ጅረት ጥግ ግን ያበላሻል። የሚያስፈራው አሥርና ሃያ ሲሆኑና ሁሉም ሸለቆ ላይ ሲደፉ ነው።

የጭልጋው ከሰል በጉዋንግ ወንዝ ዳር ዳር ተገልጦ ይታያል። ጉዋንግ ደግሞ ወደ መተማ ወርዶ ሱዳን ሲገባ አትባራ የሚባለው ነው፤ ወደ ጣና አይመጣም። ያ ማለት ግን ችግር የለም ማለት አይደለም፣ ጉዋንግም ዓሳ አለው፣ ውሃውን የሚጠጣም ሰው አለ። ዋናው ግን ከሰሉ የትም ይቆፈር፣ አመዱ የሚቀረው በተነደደበት ቦታ ነው። ስለዚህ ለጣና መታየት ያለበት ተፋሰሱ ውስጥ ማን ያነዳል፣ አመዱንስ የት ይጥላል የሚለው ነው።

ወንዝና ሐይቅ ለመለያየታቸው አንድ ምሳሌ ልስጥህ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 22 ቀን 2008 ቴነሲ ውስጥ ኪንግስተን በሚባል ቦታ የአመድ ግድብ ተደርምሶ 4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚያልፍ የራሰ አመድ ኤሞሪ የሚባል ወንዝ ላይ ተናደ። በመጠን ከቤሎስ ጋር የሚወዳደር አይደለም፣ ቤቶች ሁሉ ነው የወሰደው። ሆኖም ወንዙ የሚፈስ ስለሆነ፣ አብዛኛው አመድም በብዙ ገንዘብ ተጠርጎ ስለወጣ፣ በኋላ ዓሳዎቹን የተከታተሉ ተመራማሪዎች ቤሎስ ላይ የታየውን ዓይነት የመራባት ውድመት አላገኙም። ቤሎስ ላይ ግን በቀስታ፣ በጸጥታ፣ ለዓመታት ነው የተለቀቀው። እ.ኤ.አ. በ1985 መጨረሻ ላይ ቢቆምም ከ10 ዓመት በኋላም ጎባጣ ጫጩት ይገኝ ነበር። ጭቃው ይዞታል፣ ትሉ ከጭቃው ይበላል፣ ዓሳው ትሉን ይበላል፣ እንዲህ እያለ ይመላለሳል። ጣና ጸባዩ ለየትኛው እንደሚቀርብ አንተው ታውቀዋለህ።

ነገረ ሕግ

ለአዘዞ ልጅ በአጭሩ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11ን ፈልገህ አንብብ። ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት እንኳ ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን የጎዳ ወይም ሊጎዳ የሚችል ድርጊት ሲያይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ማመልከት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም በውሳኔው ካልተስማማ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። «ሊጎዳ የሚችል» የሚለውን አስምርበት። ዓሳው እስኪያልቅ መጠበቅ አይጠበቅብህም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት አለህ ይላል።

ማመልከቻው በጽሑፍ ይሁን። ስታስገባ ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስመታ፣ ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ናሙና ስትወስድ ሁለት የቀበሌ ሰዎች ወይም ጎረቤቶች ይገኙልህና ይፈርሙ። ያለ ምስክር የተወሰደ ጭቃ ፍርድ ቤት ላይ «ከየት አመጣኸው?» ያሰኛል።

ኩሬ ተንከባካቢ

ሁለቱን ኩሬ ካነጻጸርከው በኋላ እኔም ወደ አመዱ አደላለሁ። እንግዲህ ከውጤቱ ጎን ለጎን ጎርፉን አሁኑኑ አቁመው። ከኩሬው በላይ በኩል አግድም ቦይ ቆፍርና ውሃው ኩሬውን አልፎ እንዲሄድ አድርግ፣ ግን የጎረቤት ምንጭ ላይ እንዳይወርድ አቅጣጫውን አስብበት። የታችኛውን ኩሬ ሙሉ በሙሉ አድርቀህ የላይኛውን ጭቃ መጥረግ ሳይኖርብህ አይቀርም። ሐይቅ ላይ የማይቻለው ኩሬ ላይ ይቻላል። አምባዛም ካለ ያኔ ይታያል። የተጠረገው ጭቃ ግን ማዳበሪያ ነው ብለህ ጓሮ እንዳታስገባው።

ዓሳና ውሃ

ትክክል። በተለይ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ሴሌኒየምን አጥብቀው ይስባሉ። ጭቃው ውሃ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተከምሮ ሸራ ይልበስ፣ ውጤቱ እስኪመጣ። ኩሬውንም ናሙና ሳትወስድ አታድርቀው፣ ማስረጃህ አብሮ ይሄዳል።

የአዘዞ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ሁሉንም አነበብኩለት። ዓሳውን ላለመሸጥ ወስነናል፤ ከአንድ ገዢ የተቀበልነውን ቀብድ ነገ እንመልሳለን።

ቅዳሜ ሁለት ጎረቤቶች ባሉበት ናሙና እንወስዳለን፣ ሰኞ ማመልከቻው ይገባል። ቦዩን ከነገ ጀምሮ እንቆፍራለን። ከታችኛው ኩሬ ጉሮሮዋ ያበጠች አንዲት አይተናል፣ ከላይኛውም አይጠፋም፤ ፎቶዎቹን እዚሁ እለጥፋለሁ። ዓሳና ውሃ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። የእንቁላሉ ከረጢት ፍሪዘር ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል? ላቦራቶሪው ቶሎ ባይቀበለንስ?

ዓሳና ውሃ

በደንብ ከቀዘቀዘ ወራትም ይቆያል፣ ሴሌኒየሙ የትም አይሄድም። መብራት ሲጠፋ እንዳይቀልጥ ብቻ ጠብቁት፤ ከቀለጠ ፈሳሹ እንዳይጠፋ ከነከረጢቱ ሌላ ከረጢት ውስጥ ክተቱት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ወይም ባሕር ዳር የዓሳና ሌሎች የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ሄዳችሁ ጠይቁ። እነሱ ራሳቸው ባይለኩት እንኳ የት እንደሚለካ ይነግሯችኋል። ፎቶውን እጠብቃለሁ።